አማቼ የተሸከመው ድንጋይ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ወሩ ግንቦት ነበር። እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ። ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም፣ ደሜ ፈልቶ ነው የምልበት ዕድሜ አይደለም።

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለልጄ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። ለእሳቸው ስንቱን ተናዝዣለሁ! በጾም ወተት መቅመሴን፣ በጎረምሳነቴ የሰው ድንበር አንድ ፈር ገፍቼ ማረሴን፣ ሟች ሚስቴን አስካልን በሆነ ባልሆነው ማስቀየሜን፣ ሁሉንም ተናግሬ ንስሐዬን ሰግጃለሁ። ይህችን ግን ከምላሴ ሥር ሸሽጌ አቆየኋት። አንተ የምታነበው ሰው ማን እንደሆንክ አላውቅም። ባላውቅህ ይሻለኛል። ፊትህን ባየው ኖሮ ወሬ እለውጥ ነበር።

ነገሩ አጭር ነው። አማቼ ሲሳይ ደክሞ የሠራው መኪና ብሎኑ ላልቶ ዳገት ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ሲሳይ ማጥበቁን ረስቶ ነው ይላል። ሲሳይም ረስቼ ነው ይላል። አልረሳም። ያላላሁት እኔ ነኝ። በመፍቻ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እያወቅሁ አላላሁት።

እንግዲህ ከሥሩ ልንገርህ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ታገሠኝ።

ሾፌር ነበርኩ። ላሊበላ ተወልጄ፣ ላሊበላ አርጅቼ፣ መሐል ያለውን ዘመን መንገድ ላይ ጨረስኩት። አንዲት ፒካፕ አለችኝ። ከኋላዋ እህልም ሰውም ትጭናለች። ኩልመስክ ገበያ፣ ኮን ገበያ፣ በገና ሰሞን ደግሞ እግሩ የዛለ ተሳላሚ፣ ምን ያልጫንኩት አለ? ሞተሯ ካረጀ ወዲህ እንደ ሽማግሌ ታስላለች። አስካል ነፍሷን ይማረውና ያንን ሳል ለይታ ታውቀው ነበር። ስንቱ መኪና ሲያልፍ ከተቀመጠችበት አትነቃነቅም፤ የእኔ ከዳገቱ ሥር ሲያስል ተነሥታ የግቢውን በር ትከፍታለች። ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ጥሩምባ ነፍቼ በር አስከፍቼ አላውቅም። ከሞተች በኋላ በሩን ራሴ እየወረድኩ እከፍታለሁ። ሞተሩ ግን የምትሰማው እየመሰለው ማሳሉን አልተወም።

ሲሳይ የኩልመስክ ልጅ ነው። የሆቴል ኤሌክትሪሻን ሆኖ መጥቶ ልጄን እናኑን አገባት፤ ከግቢዬ ካለችው ክፍል ይኖራሉ። ጦርነቱ መጥቶ ፈረንጁ ሲቀር ሆቴሉ ተዘጋ። ሲሳይም የሰው ሶላር ሲጠግን፣ የሰው ባጃጅ ሽቦ ሲቀጥል ኑሮን ይገፋ ጀመር። እጁ የተባረከ ነው። ሞተ የተባለ ነገር እሱ ሲነካው ይነሣል። ያን ሰሞን ደግሞ ቤንዚን ጠፋ። በሃይላንድ ተቀድቶ በድብቅ የሚሸጥ ነገር ሆነ። ፒካፔ ከወይራው ሥር ቆማ ዶሮ ይሰፍርባት ጀመር።

በዚህ መሐል ነው የቀበሌ ስብሰባ የተጠራው። መንግሥት የነዳጅ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ አሮጌ መኪናውን በገዛ እጁ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጥ ሰው ማበረታቻ አለ ተባለ። ባትሪውና የኤሌክትሪኩ ሞተር ያለ ቀረጥ ይገባለታል። ቦሎ አይከፍልም። ፈተና ላለፈ ደግሞ የመሥሪያ ሼድ ይሰጠዋል፣ የሌላውን መኪና እየለወጠ እንዲተዳደር። ፈተናው መኪናው ጭነት ይዞ ኮሚቴው ፊት ዳገት መውጣት ነው። ካለፈ አሮጌው ሞተር ተመልሶ እንዳይገጠም ለመንግሥት ይገባል። ከወደቀ ግን ድጋሚ የለም፤ ባትሪውም ሞተሩም ተነሥቶ ተራ ለሚጠብቀው ይተላለፋል።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ «ማበረታቻ ለፈራ ሰው ነው፤ እኔ መች ፈራሁ?» ብዬ ሰውን አሳቅሁ። ሲሳይ አልሳቀም። አንገቱን አስግጎ ይሰማል። ትኩሳት የበረደለት ሰው ይመስል ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት ነሣኝ።

«አባባ፣ መኪናዋን ይስጡኝ አላልኩም። የሚነዷት እርስዎ ነዎት። ሆዷን ብቻ ልቀይርላት።»

«መብራት በሄደ ቁጥር ትታመማለች በለኛ!»

«ቤንዚን በጠፋ ቁጥርስ? አሁን ዶሮ አይደል እንዴ የምትፈለፍለው?»

እናኑ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ጊዜ ማርገዟን ገና ማወቋ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ግን እሺ አላልኩም። እሺ ያሰኘችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ብቻዬን አግኝታኝ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አባዬ፣ ሼዱን ካገኘ እዚህ እንኖራለን። ካላገኘ አፋር፣ ሎጊያ ወርዶ ከከባድ መኪና ጋራዥ ሊቀጠር ነው። ልጁን ያለ አባት ነው የምወልደው» አለችኝ። ሎጊያን አውቀዋለሁ፣ ጭኜ ወርጃለሁ። ሙቀቱ ድንጋይ ያፈላል። እሺ አልኳት።

አየህ፣ አላወቅሁም እንዳልል ነው ይህን የምነግርህ። መኪናዋ ዳገቱን ብትወጣ ሲሳይ ይቀመጣል። ባትወጣ ይሄዳል። ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ።

አሮጌው ሞተር የወጣ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ገመድ ጎትቶ አገዘን። ሲሳይ ከደጃፉ ሥር አስቀምጦ ዘይቱን ጠረገው፣ ብረቱን ግራሶ ቀባው። «ምን ያደርግለታል፣ መንግሥት ሊወስደው?» አልኩት። «ይሂድ፤ ሲሄድ ግን ንጹሕ ሆኖ ይሂድ አባባ። ስንት ዘመን አብልቷችኋል» አለኝ። እኔ ያላሰብኩትን ነው ያሰበው። የድሮ ብርድ ልብሴን አውጥቼ አለበስኩት።

ከዚያ በኋላ ሲሠራ እኔ ከሳጥን ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አንድ ቀን ዝም ብሎኝ አያውቅም። አዛውንት ነው፣ አይገባውም ብሎ አላለፈኝም። ገመዱን እያነሣ፣ ብረቱን እያስነካ ያስረዳኛል። አንድ ቀን ከባትሪው የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ያሰረበትን ብሎን አሳየኝ። «ይህችን አዩአት አባባ? የመኪናዋ ጉልበት በሙሉ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ከላላች ሜዳ ላይ ምንም አትል፤ ዳገት ላይ ትግላለች፣ ትቃጠላለች፣ መኪናዋም ትቆማለች።» እንደ ተማሪ ራሴን ነቀነቅሁ። ያንን ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው። በምን እንደምጎዳው እሱ ራሱ አሳየኝ፣ ስላመነኝ።

መኪናዋ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰች ቀን ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። ሲሳይ መሪውን ያዘ፤ ሄደች። ምንም ድምፅ የለ። ዶሮዎቹ እንኳ አልበረገጉም፤ አንዷ ከፊቷ ቆማ ነበር፣ እናኑ ናት በእግሯ የገፋቻት። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። አስካል ብትኖር በምን ታውቀኝ ነበር? በሩን ማን ብላ ትከፍታለች? ሲሳይ ሮጦ መጥቶ «እንዴት ነች አባባ?» ሲለኝ፣ «ድምፅ የሌለው ነገር ሌባ ነው» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ፊቱ ወደቀ። መልስ ግን አልመለሰልኝም።

ለብዙ ጊዜ ለራሴ የምነግረው ይህንን የአስካልን ነገር ነበር። ውሸቴን ነው። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ልንገርህ። ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ «አያ ሙጬ፣ መቼ ነው የምትወጣ?» ነበር የሚለኝ። ያን ሰሞን እኔን አልፎ ሲሳይን ይጠይቃል። «የሲሳይ መኪና» ይሏት ጀመር። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ልጄን በሰጠሁት ሰው ላይ ቀናሁ። ፈተናውን ከወደቀ አሮጌው ሞተር ይመለሳል፣ ሳሉ ይመለሳል፣ እኔም እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ምቀኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የሟች ሚስቴን ነጠላ አልብሼ ነው ያወጣሁት።

የፈተናው ዕለት ደረሰ። ሲሳይ በማለዳ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሄደ፤ ከዚያ ኮሚቴውን ሊቀበል። ሲወጣ ጉልበቴን ስሞ፣ «አባባ፣ መኪናዋን አደራ» አለኝ። አደራ! እናኑ ከውስጥ ለእንግዶቹ ምሳ ታዘጋጃለች። ፀሐይ ወጥታለች። ግቢው ውስጥ እኔና ዶሮዎቹ ነን።

ኮፈኑን ከፈትሁ። መፍቻው ከመሣሪያው ሳጥን ላይ ነበር። ያችን ብሎን በጣቴ ስነካት እስክትንቀሳቀስ ድረስ አላላኋት። ኮፈኑን ዘጋሁ። መፍቻውን ከኮቴ ኪስ ከተትሁት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰይጣን መጣብኝ፣ ዓይኔን ጋረደኝ አልልም። ዓይኔ ደኅና አድርጎ ያይ ነበር።

ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። አላሰብኩም ማለት ጽድቅ ነው እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ ዳገት ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሾፌር፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የሚቆም መኪና ምን እንደሚያደርግ እኔ ካላሰብሁ ማን ያስብ?

ከወረዳ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ፣ ከቀበሌም ሁለት ሰዎች። ባለሙያው ጭነት ይጫን አለ። ያለችው ጥቂት ጆንያ ገብስ ናት፤ አልበቃ ስትል ጎረቤቱ ይወጣበት ጀመር። እትዬ ዘውዴ የምትባል ድልብ ጎረቤት አለችን። «እኔን ከጫናችሁ ጆንያ ለምን ትሸከማላችሁ!» ብላ እግሯን ሰቀለች። አንዱ ከሲታ ጎረምሳ ከታች ሆኖ፣ «እትዬ ዘውዴ ከወጣችማ ፈተናው አበቃ፤ አይሮፕላንም አይነሣ!» አላት። እሷ ምን ዕዳዋ! «ዝም በል አንተ! አንተን የጫነ ነው የሚያሳዝነው፤ ኩርባው ላይ ነፋስ ይወስድህና ሲፈልግህ ይመሻል!» ሰው በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያው እንኳ ሳቀ።

ይኼኔ እናኑ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ከጋቢናው፣ ከባሏ ጎን ልትገባ። ሆዷ ገፍቷል።

«ምን ያደርግልሻል፣ ከዚህ ሆነሽ እይ» አልኳት።

«አባዬ፣ የእሱን የመጀመሪያ ዳገት እኔ ካልወጣሁ ማን ሊወጣለት ነው?»

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ቆዩ፣ ኮፈኑን ክፈቱ ማለት ነው። ማን አላላው ብሎ የሚጠይቀኝ እንኳ አልነበረም። ዝም አልኩ። ልጄ ናት፤ በሆዷ የልጅ ልጄ አለ፤ እያየሁ ዝም አልኩ።

መኪናዋ ተነሣች። ስትነሣ ከሥሯ ቃጭል ጮኸ። ሁላችንም ደነገጥን። ሲሳይ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ፣ «አባባ! ድምፅ አላት እኮ!» ብሎ ጮኸ። በማለዳ ከሥሯ ያሰረው የበቅሎ ቃጭል ነው። ከግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ የኖረው፣ አስካል ሙሽራ ሆና የመጣችባት በቅሎ ቃጭል። ያን ሰው ሁሉ እየሰማ ላዋረድሁት ነገር የሰጠኝ መልስ ይህ ነበር። ያን ሁሉ ቀን አፉን ዘግቶ ሲያስብ የቆየው ሚስቴ የምትሰማኝበትን ነገር ነው።

ያን ጊዜስ? ያን ጊዜም መጮህ እችል ነበር። መኪናዋ ገና ሜዳው ላይ ነበረች፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። አልጮኽኩም። አንገቴን ደፍቼ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

ዳገቱን ጀመረች። ሰው በግራ በቀኝ እያጨበጨበ ይከተላል። ቃጭሉ ይመታል። ከእኩሌታው ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። የላስቲክ ቃጠሎ ሸተተኝ። ቆመች፤ ቃጭሉም ዝም አለ። ከዚያ ቃጭሉ እንደገና መምታት ጀመረ። ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ነው። እትዬ ዘውዴ «አረ በማርያም!» ስትል፣ ሰው ከላይ እየዘለለ ሲወድቅ፣ ሲሳይ የእጅ ፍሬኑን ሲስብ፣ እናኑ ከውስጥ ስትጮህ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሆነ። ከመንገዱ ዳር አንድ ቀይ ድንጋይ አየሁ። በምን ጉልበት እንዳነሣሁት አላውቅም። ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ አድርጌ ወረወርኩት። ጎማው መጥቶ ድንጋዩን ወጣ ሊል፣ ተንገጫግጮ ቆመ።

«አያ ሙጬ አዳናቸው!» ተባለ። እናኑ ወርዳ ትከሻዬ ላይ ተጠመጠመች። ባለሙያው ሳይቀር እጄን ጨበጠኝ። አየህ ግብሬን? ገደል አፋፍ የገፋሁ እኔ፣ ተመስጋኙም እኔ።

ሲሳይ ኮፈኑን ከፈተ። ያችን ብሎን አየ። በጣቱ ነካት፤ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ቀና ብሎ መኪናዋን አላየም፣ ሰውንም አላየም። እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። «አጥብቄአታለሁ ብዬ ልምል ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። መፍቻው ከኪሴ ነበር።

ባለሙያው አዘነ፤ «ደንቡ ድጋሚ አይፈቅድልኝም» አለ። ዕቃው ሄደ። አሮጌውን ሞተር መልሶ የገጠመልኝ ሲሳይ ነው። ማንም አላዘዘውም። «እርስዎን ያለ መኪና ትቼማ አልሄድም» ብሎ ገጠመና፣ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ሎጊያ ወረደ። እናኑ ነሐሴ ላይ ወለደች። አባቱ ለክርስትናው መጥቶ ልጁን አቅፎ አድሮ ተመለሰ።

አንድ ቀን በሃይላንድ ቤንዚን አገኘሁና ሞተሩን አስነሣሁት። ከዳገቱ ሥር ድረስ ወርጄ ተመለስኩ። ሳለ፤ እንደ ድሮው አሳምሮ ሳለ። በሩ ግን አልተከፈተም። ምን ትጠብቅ ነበር አንተ ሽማግሌ? ወርጄ ከፈትሁት።

ሲሳይ በየሳምንቱ ይደውላል። ጤናዬን ሳይጠይቅ ስለ ልጁ አይጠይቅም። በአንዱ ቀን እየሳቀ፣ «እዚህ ጋራዥ ‹ሦስቴ› ነው የሚሉኝ አባባ። አንዷን ብሎን ሦስት ጊዜ ካላጠበቅሁ አልተውም። አንዳንዴ ከቤት ተመልሼ ሄጄ አያታለሁ» አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መኪናውን ያበላሸሁት ይጠገናል። ሼዱም ሌላ ጊዜ ይገኝ ይሆናል። ያ የተባረከ እጅ ግን ራሱን ማመን ተወ። እጁን እንዳያምን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሙቀት ውስጥ ሌሊት ተነሥቶ የሄደው እኔ ያላላኋትን ብሎን ሊያጠብቅ ነው።

ያ ቀይ ድንጋይ አሁን ከደጄ አለ። የልጅ ልጄ መቆም የተማረው እሱን ተደግፎ ነው። ሁለት እጁን አሳርፎበት ብድግ ይላል፣ ዞሮ ያየኛል፣ እጁን ይለቃል፣ ቂጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ይስቃል። እናኑ «የአባትህ ድንጋይ» ትለዋለች፤ እሱም «አባ» እያለ ይደበድበዋል። ድንጋዩ ከዳገቱ እንዴት ከደጄ እንደመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እንደ ደግ ነገር ይወራል። የተጣላ ሰው ሲኖር ለእርቅ እኔን ይጠራሉ። «እንደ አያ ሙጬ ይቅር በል» ይሉታል ተበዳዩን። የነፍስ አባቴ ራሳቸው ይቅርታን ሲያስተምሩ ስሜን ይጠራሉ። እንዴት ብዬ ከእግራቸው ሥር ልንበርከክ? ምን ብዬ ልጀምርላቸው?

ሲሳይ ዘንድሮ ለገና ይመጣል። ሲመጣ እነግረዋለሁ። ለአንተ አስቀድሜ የነገርኩህ አንደበቴ እንዲለምደው ነው። ድንጋዩን ተሸክሜ ልቀበለው ብዬ ሰው በሌለበት ላነሣው ሞክሬአለሁ። ከጉልበቴ በላይ አልወጣ አለኝ። ይሁን፤ እየገፋሁትም ቢሆን። ይቅር ባይለኝ አልከፋም። ይቅር ቢለኝ ነው የምፈራው።

ምክንያት አልደረድርልህም። አስካልን አታንሣ፣ እርጅናን አታንሣ፣ እኔም አላነሣም። ብሎኑን ማላላቴን ነግሬሃለሁ። የባሰውን ግን ገና አልነገርኩህም። እሱን ጽፌ ልተው። የባሰው በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከበር «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የነፍስ አባቴ ድምፅ ነው። ብቅ ብል ሲሳይ ከበሩ ቆሟል። ነጠላውን አደግድጓል፤ ድንጋይ ከማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። በእኛ አገር ታላቁን የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ተበዳዩ አውርድ እስኪለው አያወርድም። ከኋላው የነፍስ አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች። እናኑ በነጠላዋ አፏን ይዛ ከጥግ ቆማለች። ድንጋዩን አወቅሁት። የጎማው ጥቁር ምልክት አለበት። ስንት ድንጋይ ባለበት አገር ዳገቱ ድረስ ሄዶ ያንን መርጦ አመጣ።

«ሙጬ፣ ልጅህ አጥፍቷል፤ ጥፋቱንም አምኗል። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለው» አሉኝ የነፍስ አባቴ።

ሲሳይ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ፣ «አባባ፣ መኪናዎን አበላሸሁብዎ። እናኑን ልገድላት ነበር። ረስቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አለ።

እኔ ነኝ ማለት ስንት ፊደል ነው? አላልኩም። ተመልሼ ከመደቡ ላይ ተቀመጥሁ። በወጉ ተበዳይ ቶሎ እሺ አይልም፤ መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ይለመናል። ወጉን ጠበቅሁ! «እንዲህ በቀላሉ ነው?» ብዬ አስለመንሁ። ሽማግሌዎቹ ለመኑኝ። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትንሽ ይቆይ ብዬ ቆየሁ።

ከዚያ ተነሣሁ። ስሄድ መፍቻው ከኮቴ ኪስ ውስጥ ጭኔን ይመታኛል። ድንጋዩን በሁለት እጄ ከማጅራቱ ላይ አውርጄ ከደጄ አስቀመጥሁት። አንገቱ ላይ የቀረውን ቀይ አፈር በመዳፌ ጠረግሁለት። ወድቆ ጉልበቴን ሳመ። አነሣሁት፤ ግንባሩን ሳምኩት።

«ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ» አልኩት። «ከእንግዲህ ግን ብሎንህን ደኅና አድርገህ አጥብቅ።»